ቁጥርና ጽሑፍ በአንድ ሚዛን

ከፊል መዋቅር ያላቸውን መረጃዎች የሚይዙ የመረጃ ቋቶች ዓይነታቸው የተለያየ እሴቶችን ሳይቀር ይደረድራሉ፤ ድርደራው ግን የትርጉም ሳይሆን የስምምነት ጉዳይ ነው። በፖስትግሬስኪውኤል ጄሰን-ቢ ማንኛውም ጽሑፍ ከማንኛውም ቁጥር ያንሳል፤ በሞንጎዲቢ ድርደራ ተቃራኒው ይሠራል።

ዕድሜው በጽሑፍ ዓይነት «25» ተብሎ የሰፈረ የጥናት ተሳታፊ፣ በመጀመሪያው ቋት ዓይነቱ ሳይለወጥ ከተነጻጸረ፣ «ከ18 በላይ» በሚለው ማጣሪያ ይወድቃል፤ «እውነት» የሚል የቡሊያን እሴት ግን፣ የሚያስገርመው፣ ያልፋል። የስሕተት መልእክትም አይወጣም። ሞንጎዲቢ በማጣሪያ ጊዜ ተመሳሳይ ዓይነቶችን ብቻ ስለሚያነጻጽር ሁለቱንም ይተዋል፤ ተሳታፊው ግን ያው ከናሙናው ይጎድላል።

ቋቶቹን አልወቅስም፤ ኢንዴክስ ለመገንባት ሁሉን የሚያስተናግድ ሕግ ያሻቸዋል። የመመረቂያ ጽሑፍ ገምጋሚዎች ግን የእሴቶቹ ዓይነት እንዴት እንደተጣራ በዘዴው ክፍል እንዲገለጽ ሊጠይቁ ይገባል።