“ዋጋ በውስጥ መስመር” ማን አስተማራችሁ?

ጊንጆ ቁጭ ብዬ ቴሌግራም ላይ የተቆላ ቡና ፈለግኩ። አትሳቁ! ጅማ ሆኖ ቡና በስልክ መፈለግ አባይ ዳር ቆሞ የታሸገ ውኃ እንደመግዛት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ዘመኑ ነው። አንዱ ገጽ ላይ ያማረ ፎቶ፣ የሚጨስ ሲኒ፣ የላይክ መዓት። ሥሩ ላይ “ዋጋ በውስጥ መስመር” ይላል። ጻፍኩ። ዋጋው ሳይመጣ ጥያቄው መጣ፤ “ለራስዎ ነው ለመሥሪያ ቤት?”

ገባኝ። ዋጋው የሚወጣው በቡናው ሳይሆን በእኔ ነው።

የኛ ዘመን ነጋዴ መታየትና መታመን ተምታቶበታል። ተከታይ ሲበዛ ደንበኛ ያፈራ ይመስለዋል። ሂርማታ ገበያ ውረዱና እናቶቻችንን እዩ። ቡናው ፊታችሁ ተዘርግቷል፣ መስፈሪያው ይታያል፣ “ይመርቁልኝ” ስትሏቸው እፍኝ ይጨምራሉ። ጠጠር ብታገኙበት ነገ የት እንደሚቀመጡ ታውቃላችሁ። አንድም ተከታይ የላቸውም፤ ደንበኛ ግን አላቸው።

“ዋጋ ከለጠፍን ተፎካካሪ ያየናል፤ ደግሞ ቡና ዋጋው ይለዋወጣል” ትላላችሁ። ይለዋወጥ! ከዋጋው ሥር ቀን ጻፉበት። አዋጅ ቁጥር 813/2006 እኮ ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ደንግጓል። ሱቃችሁ ስልክ ውስጥ ከሆነ ግልጹ ቦታ ገጹ ነው።

እምነት በፎቶ እንደማይገኝ ከኛው አካባቢ ትምህርት አለ። የጅማ ቡና በዓለም ገበያ ለዓመታት የሚታወቀው በርካሽነቱ ነበር። በ2010 (እ.ኤ.አ.) አጋሮ አካባቢ የዱሮሚና ገበሬዎች ማኅበር አቋቁመው፣ ቀይ ቡና ለቅመው፣ አጥበው ማቅረብ ጀመሩ። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ቡናቸው በአፍሪካ ደረጃ በተካሄደ ውድድር አንደኛ ወጣ። ስም የቀየረው ማጠቢያው እንጂ ማስታወቂያው አይደለም።

ሌላም አለ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተዘግተው ለአምስት ወር ያህል ቆዩ። ያኔ ሀብቱ ተከታይ ብቻ የነበረ ነጋዴ ምን ቀረው? የደንበኞቹን ስልክ የያዘ ግን ደውሎ ይሸጣል።

ይሄን ሁሉ የምለው የቴሌግራም ንግድ እንዲጠፋ አይደለም። የሱቅ ኪራይ መክፈል አቅቷት እናቷ ቤት ቡና ቆልታ፣ አሽጋ የምትሸጥ ልጅ ያላት መደብር ይሄ ብቻ ነው። የሚያናድደኝም ለዚህ ነው። አንዱ የሰው ፎቶ ሰርቆ ይለጥፋል፤ ሌላው ቀብድ ተቀብሎ ይጠፋል፤ ሌላው የቅሬታ ኮሜንት ሲመጣ ያጠፋል። የተታለለ ሰው ደግሞ ያታለለውን ለይቶ አይተውም፤ ሁሉንም ነው የሚተው። የእነሱን ዕዳ የምትከፍለው ያቺ ልጅ ናት።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ከነገ ጀምሮ ዋጋህን ከነቀኑ ለጥፍ። ኪሎውን ሚዛን ላይ አድርገህ አሳይ። ቡናው መቼ እንደተቆላ ጻፍ። የተበላሸ ዕቃ ከሸጥክ መልሰህ ተቀበል፤ ቅሬታውንም መልስህንም እዚያው ተወው፣ ሰው ይየው። ያኔ ስለ ተከታይ አትጨነቅም።

እኔም ያን ቀን ስልኬን ኪሴ ከትቼ ወደ ሂርማታ ወረድኩ። ዋጋ ጠየቅኩ፤ ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁኝ ነገሩኝ። መረቁልኝም።