የበዓል ጣፋጭና የጾም አቆጣጠር

በቀዳም ሥዑር ጠዋት ወደ ሾላ ገበያ ወይም ወደ ሌላው የከተማችን ገበያ የወጣ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይመለስም። ይኸውም ከአንድ ወር በፊት ፈላጊ አጥቶ ተደርድሮ ይውል የነበረው እንቁላል፥ በዚያ ቀን ሻጩ ዋጋውን ደግሞ ለመናገር እንኳ የሚሰለችበት ዕቃ ሆኖ መገኘቱ ነው። ቅቤውም እንደዚሁ ነው። ገዢው «ነጋዴ አይጠግብም» እያለ ያማርራል። ነጋዴው ደግሞ «እኛ ምን እናድርግ፥ ከባላገሩ ነው የተወደደው» ይላል። በማግሥቱ ወጡ ይወጣል፥ ድፎው ይቆረሳል፥ ኬኩም ይቀርባል፤ ነገሩም እስከሚመጣው በዓል ድረስ ይረሳል።

እኛ ዛሬ ይኸንን ጉዳይ ከጣፋጩ በኩል ልንመለከተው አስበናል። ስለ በግና ስለ ዶሮ ዋጋ የማይናገር ሰው የለም፤ ጣፋጩን ግን እንደ ቅንጦት ቆጥሮ የሚያልፈው ብዙ ነው። ነገር ግን በቤት ውስጥ የተጋገረ አንድ የበዓል ኬክ ቢመረመር፥ እንቁላሉና ቅቤው ከገበሬው ጓሮ፥ ስኳሩ ከፋብሪካ፥ ዘይቱና ካካዎው ከባሕር ማዶ መጥተው በአንድ ድስት ውስጥ የተገናኙበት ነው። ስለዚህ የአገር ኢኮኖሚ ምን እንደሚመስል ለመማር የሚፈልግ ተማሪ፥ ከመጽሐፉ ቀጥሎ የእናቱን ማድ ቤት ቢመለከት ጊዜውን አላባከነም።

በመጀመሪያ አንድ ነገር መታወቅ ይገባዋል። በእኛ የቆየ ባልትና ከምግብ በኋላ የሚቀርብ ጣፋጭ የሚባል ነገር እምብዛም የለም። ይኸ የሆነው ጣፋጭ ስለማናውቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አንደኛ ናት። የአደይ አበባ ረግፎ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር፥ የትግራይና የላስታ ነጭ ማር፥ የከፋ የደን ማር፥ እያንዳንዱ የራሱ መልክና ጣዕም አለው። ነገር ግን ከዚህ ማር የሚበዛው እጅ የሚሄደው ወደ ምግብ ሳይሆን ወደ ጠጅ ነው። ስለዚህ አባቶቻችን ጣፋጩን ሲጠጡት ኖሩ እንጂ ሲበሉት አልኖሩም ማለት ይቻላል። ከዚህ የተረፈው በጨጨብሳና በፈጢራ ላይ የሚፈሰው፥ ለልጆችና ለማይሰክሩት በብርዝ መልክ የሚቀርበው ነው። ድፎ ዳቦውም ቢሆን ክብሩ በጣፋጭነቱ አልነበረም። በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፥ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ገብቶበት፥ ከታችም ከላይም እሳት ተደርጎለት ሲበስል ሽታው ከሦስት ቤት አልፎ ይሰማል፤ ክብሩ እርሱ ነበር።

ስኳር በየቤቱ የገባው ዘግይቶ ነው። በ1946 ዓ.ም. ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ በወንጂ ያቋቋመው ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር፥ የአገራችን የሸንኮራ አገዳ ስኳር በኢንዱስትሪ ደረጃ ተወለደ። ከዚያ በኋላ መተሐራና ፊንጫ ተከተሉ። ስኳሩ በመጀመሪያ ሻይና ቡናን ያዘ፤ ቀጥሎ ኬክ ቤቶች በከተማው ሲበዙ፥ «ቶርታ» የሚባለው ነገር ከልደትና ከሠርግ ተሻግሮ የበዓል ማድመቂያ ሆነ። ዛሬ በብዙ የከተማ ቤት ለፋሲካም ሆነ ለገና ከድፎው ጎን ኬክ ካልተቀመጠ ልጆቹ በዓሉን ሙሉ አድርገው አይቆጥሩትም። ይኸን ነቅፈን አይደለም። ባልትና እንደ ቋንቋ አዲስ ቃል እየተቀበለ የሚኖር ነገር ነው።

ዳሩ ግን አዲሱ ጣፋጭ ከአሮጌው ይልቅ ለገበያ የተጋለጠ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የዕድገትና የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በአምስት ዓመት ውስጥ የስኳር ምርትን 2.25 ሚሊዮን ቶን ለማድረስና ወደ ውጭ ለመላክ አስቦ ነበር። አዳዲሶቹ ፋብሪካዎች በጊዜያቸው ባለመጠናቀቃቸው ዕቅዱ አልደረሰም፤ አገሪቱም ስኳር ከውጭ መግዛቷን አልተወችም። በሸማቾች ማኅበር በር ላይ በኪሎ ተቆጥሮ የተሰጠውን ስኳር ለበዓል እያለች በጣሳ ያጠራቀመች እናት የማያስታውስ ተማሪ ብዙ አይኖርም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ደግሞ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ካካዎውም በዚያው በአውሮጳውያን 2024 ዓ.ም. በዓለም ገበያ አንዱ ቶን ከ10,000 ዶላር ያለፈበት ወቅት ነበር፤ ምክንያቱ በኮትዲቯርና በጋና የዛፍ በሽታና የአየር መዛባት ምርቱን ስለ ቀነሱት ነው። ከአክራ በስተጀርባ ያለ ገበሬ ዛፉ ቢታመምበት፥ በአዲስ አበባ ያለች እመቤት የቸኮሌት ኬኳን በቫኒላ ትለውጣለች ማለት ነው።

ዘይቱም ቢሆን ከዚህ የተለየ አይደለም። ሰሊጣችንን ወደ ውጭ እየላክን የማሌዥያንና የኢንዶኔዥያን የፓልም ዘይት እናስገባለን። ይኸ ነገር ለብቻው ሌላ ጽሑፍ የሚያሻው ስለሆነ እዚህ ላይ እንለፈው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። እንቁላል ከባሕር ማዶ አይመጣም፤ ቅቤም እንደዚሁ። ታዲያ እነዚህ ሁለቱ በበዓል ዋዜማ እንዲህ የሚንሩት ስለ ምንድን ነው? መልሱ በአብዛኛው ያለው በቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ረቡዕና ዓርብን ሳይጨምር፥ በዐቢይ ጾም 55 ቀን፥ በነቢያት ጾም ከ40 ቀን በላይ፥ በፍልሰታ 15 ቀን ከእንስሳት ተዋጽኦ ይርቃል። ሌሎቹ አጽዋማት ሲታከሉ ከዓመቱ እኩሌታ ያህሉ የጾም ቀን ይሆናል። ሰው ይጾማል፤ ዶሮ ግን ሁዳዴ ገባ ብላ እንቁላል መጣሏን አትተውም፥ ላምም ወተቷን አትከለክልም። ስለዚህ ምርቱ እየቀጠለ ፍላጎቱ ብቻ ለሁለት ወር ያህል ተገድቦ ይቆያል። ከዚያም በአንዲት ሌሊት፥ ዶሮ ሲጮኽ፥ ግድቡ ይከፈታል። የአንድ ታላቅ ከተማ ሕዝብ በአንድ ቀን እንቁላል፥ ቅቤና አይብ ሲፈልግ ዋጋው አለመናሩ ነበር የሚያስገርመው።

የዚህ ነገር ጉዳት በገዢው ላይ ብቻ የሚደርስ ይመስለን ነበር። ነገር ግን ከሰላሌና ከሆለታ አካባቢ ወደ ከተማ ወተት የሚልኩትን ገበሬዎች ያነጋገረ ሰው ሌላውን ወገን ይሰማል። በጾም ወራት ወተት ሰብሳቢው ይቀንሳል፥ አንዳንድ ቀንም ጭራሽ አይቀበልም። ወተት ደግሞ እንደ ጤፍ በጎተራ አይቀመጥም። ገበሬው ወደ ቅቤ ለውጦ ለበዓል ያቆየዋል፤ ማቆየት የማይችለው ድኻ ግን በረከሰበት ይሸጠዋል። ስለዚህ በበዓል ዋዜማ የምንከፍለው ውድ ዋጋ ወተቱን ላለበው ሰው ሳይሆን ማስቀመጫና ትዕግሥት ለነበረው ሰው የሚደርስበት ጊዜ አለ። ፍላጎቱ በበረታበት ሰዓት ቅቤን ከሌላ ቅባት ጋር እየደባለቁ መሸጥም በተደጋጋሚ የተያዘ ወንጀል ነው። ይኸንን በነጋዴ ላይ በመጮኽ ብቻ ማቃናት የሚቻል አይመስለንም፤ የወተትን ዕድሜ የሚያራዝም ፋብሪካና የቀዝቃዛ ማከማቻ ያስፈልጋል። በግብርናና በንግድ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ የምትሠሩ ወጣቶች የሁዳዴን ወተት እንደ ሥራችሁ ጉዳይ ብትመለከቱት ትርፉ ከአንድ የዋጋ ቁጥጥር ዘመቻ ይበልጣል።

የሙስሊሙ ወገናችን ጾም ደግሞ ገበያውን በሌላ መንገድ ነው የሚያንቀሳቅሰው። በረመዳን የሚቀየረው የመብያው ሰዓት ነው እንጂ የሚበላው ዓይነት አይደለም፤ እንዲያውም ፀሐይ ስትገባ ተምሩ፥ ሳምቡሳው፥ ሙሸበኩ ስለሚቀርብ የዘይትና የስኳር ፍላጎት ከፍ ይላል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን፥ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ቀን ገባ። በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ጎረቤት ወተት ሲተው ሌላው ለማታ ሾርባውና ለጣፋጩ ሲገዛ የታየበት ዓመት ነበር። ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ይኸ መገጣጠም ለዘወትር አይደለም፤ ለጥቂት ዓመታት ግን የወተት ገበያውን ትንሽ ያስተነፈሰ ይመስላል።

ይኸ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአውሮጳም በጾም ወራት እንቁላል ክልክል በነበረበት ዘመን፥ ጾሙ ሊገባ ሲል ቤት ውስጥ ያለውን እንቁላልና ቅቤ በቂጣ እየጋገሩ መጨረስ፥ በጾሙ ውስጥ የተጠራቀመውን እንቁላል ደግሞ ቀቅለው ቀለም እየቀቡ በፋሲካ መስጠት ልማድ ሆኗል። ሩስያውያን በእንቁላልና በቅቤ የከበደውን ኩሊች የሚባለውን የፋሲካ ዳቦ የሚጋግሩት ከዚሁ የተነሣ ነው። ስለዚህ የብዙ አገር የበዓል ጣፋጭ የተወለደው ከትርፍ እንቁላል ነው ብንል ስሕተት አይሆንም። እነሱ ትርፉን ጣፋጭ አደረጉት፤ እኛ በዋዜማው እንሻማበታለን።

በቤት በኩል ምን ማድረግ ይቻላል? ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው ወጣት ሠራተኛ የወተት ፋብሪካ እስኪተከል አይጠብቅም። እንቁላል ሳይታጠብ፥ ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ሳምንታት ይቆያል። የሚያጠራጥር ቢሆን በውኃ ውስጥ መጣል ነው፤ ደኅናው ይሰምጣል፥ ያረጀው ይንሳፈፋል። ይኸን እናቶቻችን ሁሉ ያውቁታል፤ ነገር ግን በዋዜማው የሚገዛው ሰው አብዛኛው በሦስተኛው ሳምንት ቢገዛ ኖሮ ግድቡ እንደዚያ ባልፈነዳ ነበር።

ሌላው የጾም ኬክ የሚባለው ነው። በኬክ ቤቶች ከታየ ቆይቷል፤ በቤት ለመሥራት ግን ብዙዎች ይፈሩታል። እንቁላል ሲመታ አየር ይይዛል፤ ያ አየር በእሳት ሲለጠጥ ነጩ እየረጋ ቅርጹን ስለሚጠብቀው ኬኩ ይነፋል። እንቁላል በሌለበት ይኸንኑ ሥራ ሶዳና የሎሚ ጭማቂ ይሠሩታል፤ ሁለቱ ሲገናኙ አየር ስለሚፈጥሩ ሊጡ ይነሣል። አየሩ ቶሎ ስለሚያመልጥ ግን ሊጡ እንደ ድፎ ሊጥ ተቀምጦ መጠበቅ የለበትም፤ እሳቱ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። በደንብ የበሰለ ሙዝ ቢላቆጥ ማያያዣም ማለስለሻም ይሆናል፤ ከስኳሩ እኩሌታውን በማር የለወጠም አይከስርም፤ ማር የገባበት ኬክ ቶሎ አይደርቅምና። ምድጃ የሌለው ሰው ወፍራም ድስት ከድኖ በዝግታ እሳት ቢያበስለው ይሆንለታል። እኛ ሞክረነዋል፤ የመጀመሪያው ከታች አሮ ከላይ ጥሬ ነበር፥ ሁለተኛው ግን ለእንግዳ ቀረበ። ተባዕት ተማሪዎችም ይኸን ሥራ «የሴት ነው» ብለው እንዳያልፉት እንመክራለን፤ በበዓል ሌሊት ሊጥ ስታቦካና እሳት ስትጠብቅ የምታድረው አንዲት ሴት ብቻ የሆነችበት ቤት ብዙ ነውና።

በመጨረሻ ብዙ ሰው የማያሰላው አንድ የዘመን አቆጣጠር አለ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት 50 ቀናት በዓለ ሃምሳ ይባላሉ፤ በእነዚህ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ስለዚህ ኬኩን የግድ በትንሣኤው ዕለት ካልቆረስነው የሚያመልጠን ነገር የለም። የመጀመሪያው ቀን ለድፎውና ለወጡ ይበቃል። ኬኩ በሳምንቱ ለዳግማይ ትንሣኤ ቢጋገር፥ እንግዳው ቀለል ብሎ፥ የገበያው ግርግር ጋብ ብሎ፥ እንቁላሉም ወደ ቀድሞ ዋጋው ሊመለስ ሲያዘግም ይደርሳል።