መጤ ስለሚለው ቃል

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶቻችን። እነርሱ ይህን ሲሉ ወሬ በእግር ይሄድ ነበር። ዛሬ ግን ክፉ ቃል ከአውራ ጣት ወጥቶ ከባሕር ማዶ ሽሮ ሜዳ ለመድረስ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ አይቆይም።

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን፥ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ፥ ከሽሮ ሜዳ ሱቆች በአንዱ ቆሜ ሳለሁ አንድ ወጣት ለእናቱ ጥለቱ ያማረ ነጠላ ይመርጥ ነበር። ስልኩንም አውጥቶ «መጤዎች ካገራችን ይውጡ» የሚል ጽሑፍ አሳየኝና ሳቀ። ለጓደኞቹም ሁሉ ልኮታል። «የጻፍኸው አንተ ነህን?» ብለው «እኔ ያስተላለፍሁት ብቻ ነው» አለኝ። በእጁ የያዘውን ነጠላ ከሚሠሩት የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ግን ብዙዎቹ አባቶቻቸው ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው፤ በዚያ ጽሑፍ ሚዛን ቢመዘኑ መጤዎች መባላቸው ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ «ማስተላለፍ ብቻ» የሚባል ነገር የለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢዋ ከ20 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ከተጎዱት ብዙዎቹ የጋሞና የሌሎች የደቡብ ሕዝቦች ተወላጆች ነበሩ፤ በሺህ የሚቆጠሩትም ቤታቸውን ትተው በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። ግፉን የሠራው እጅ እንጂ ስልክ አይደለም፤ ቂሙም ከስልክ በፊት ነበረ። ነገር ግን ጎረቤቱን በየቀኑ መጤ ሲባል የሰማና የሳቀ ሰው፥ ጎረቤቱ በተባረረ ቀን ደንግጦ አይነሣም።

ወሬው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ወጣቶች ለበቀል ተነሡ። የጋሞ ሽማግሌዎች ግን እርጥብ ሣር ይዘው በመንገድ ላይ ተንበርክከው ለመኗቸው፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። የሞተው የሽማግሌዎቹም ወገን ነበረ። ሆኖም የደረሳቸውን ቁጣ ለሌላ አላስተላለፉትም፤ ከእነርሱ ዘንድ አስቀሩት።

«ይህ የሕግ ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። ሕጉማ ወጥቷል። በ2012 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 1185 የጥላቻን ንግግር ይከለክላል፤ ላይክ ማድረግን ግን ከማሰራጨት አይቆጥረውም። እኔም ስለዚህ አዋጁን አልነቅፍም፤ በየሰው አውራ ጣት ላይ ፖሊስ ማቆም ሌላ መከራ ነውና። ፖሊስ በማይቆምበት ስፍራ ኅሊና ሊቆም ይገባዋል።

«እንግዲያ በደላችንን አንናገር?» የሚለኝም ይኖራል። ተናገሩ እንጂ! መሬትህ ተወስዶ እንደ ሆነ የወሰደውን ሹም፥ ቀኑንና ሥራውን ጠርተህ ክሰስ። ሕዝብን በጅምላ የሚከስ ግን በዳዩን ከብዙ ንጹሓን መካከል ይደብቀዋል፤ እውነተኛው ጥፋተኛም በዚህ ደስ ይለዋል።

ያ ወጣት ዋጋውን ከፍሎ ነጠላውን ይዞ ሄደ። ጽሑፉን ይሰርዘው አይሰርዘው አላውቅም። አንተ ግን እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲደርስህ ከአንተ አይለፍ። የሰውን የእጁን ሥራ ለብሰህ ሰውየውን ውጣ አትበለው።