የጂዶ ፒፓና የሁለት ወር ደሞዜ

አድሚን ስሜን ሳትጠቅሺ ለጥፊልኝ እባክሽ። ሰሞኑን አንዷ እህታችን «ዕቃ ሰበርኩ፣ ምን ላድርግ?» ብላ ስትጠይቅ አብዛኞቻችሁ «ካጂ! አላየሁም በይ!» ነው ያላችኋት። እኔ በዚህ አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ በፒፓ ላስረዳችሁ። አትሳቁ ብቻ።

ቤይሩት ስድስተኛ ዓመቴ ነው። የምሠራበት ቤት የሚስተር አባት አሉ፤ ልጆቹ ጂዶ ይሏቸዋል፣ እኔም እንደነሱ። መድኃኒታቸውን፣ ልብሳቸውን፣ ማታ ማታ ብርጭቆ ውስጥ የሚያድረውን ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ሳይቀር የምይዘው እኔ ነኝ። ጂዶ ፒፓ ያጨሳሉ። ዐረቦቹ ጋልዩን ይሉታል። በተማሪነታቸው ፈረንሳይ አገር የገዙት ነው፣ ዕድሜው ከእናቴ ይበልጣል።

አንድ ማክሰኞ ማዳም «ይሄ ነገር ይሸታል፣ በሙቅ ውኃ እጠቢው» አለችኝ። ጂዶ አጭሰው ገና ማስቀመጣቸው ነበር። ትኩሱን አንስቼ ያን አፍ ላይ የሚያዘውን ጥቁር መሳቢያ ሳብ ሳደርገው ቀጭ! እንጨቱ ውስጥ የሚገባው ምላሱ እዛው ተሰብሮ ቀረ፣ መሳቢያው እጄ ላይ።

ያን ቀን ያሰብኩትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ በማጣበቂያ ላጣብቀው አልኩ። ከዛ ለጓደኛዬ ደወልኩላት፣ «ቆሻሻ ውስጥ ጣይው፣ ሲጠይቁሽ አላውቅም በይ» አለችኝ። እውነት ለመናገር ከረጢት ውስጥ ከትቼው ነበር። ግን ቤት ውስጥ ከኔ ሌላ ሠራተኛ የለም። ዕቃ ጠፋ ሲባል ማን ይጠየቃል? ሰበረች ከመባል ሰረቀች መባል ይብሳል እህቶቼ። በስርቆት ስንት ልጅ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳለች።

ማታ መድኃኒታቸውን ስሰጣቸው አብሬ ከረጢቱን ሰጠኋቸው። ጂዶ አልጮኹም፤ ዝም ብለው ሁለቱን ቁራጭ ሲያዩ ቆዩ። ዝምታቸው ከጩኸት ይከብድ ነበር። ማዳም ግን ስትሰማ «ይሄ አንቲካ ነው! 400 ዶላር ነው! ሁለት ወር ደሞዝ የለሽም!» አለች። ደሞዜ 200 ዶላር ነው። ልጄ ትምህርት ቤት የሚከፈልላት ከሱ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ። እኛ ዕቃ ሲሰበር ወይ እንክዳለን፣ ወይ ያሉንን ሁሉ ተቀብለን እናለቅሳለን። በመካከል ያለውን ጥያቄ አንጠይቅም፦ ለመሆኑ የተሰበረው ምኑ ነው? ማስጠገኛውስ ስንት ነው? የተሰበረው መሳቢያው ነው እንጂ ፒፓው አይደለም። ሊባኖስ ውስጥ የ1946ቱ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይመለከትም፤ ስለዚህ «ሕግ አለ» ብዬ ማስፈራራት አልችልም። የምችለው ሒሳብ መጠየቅ ነው። «ማዳም፣ መጀመሪያ የሚሠራው ይጠየቅ፣ ከዛ እንነጋገር» አልኳት። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያልኳት፣ ጀግና እንዳልመስላችሁ። ጂዶ ደግሞ ከወንበራቸው ሆነው «ልክ ናት» አሉ።

እሁድ ዶራ ስሄድ ፒፓውን በፎጣ ጠቅልዬ ይዤ ቡርጅ ሐሙድ ገባሁ። የአርመኖቹን ሠፈር ታውቁታላችሁ፤ ሰዓት፣ ወርቅ፣ ጫማ፣ የማይጠግኑት የለም። ሦስት ቦታ «አይሠራም፣ ሌላ ግዙ» አሉኝ። አራተኛው ቶርኖ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው። ውስጥ የቀረውን ምላስ ቀጭን ብሎን በጭሱ ቀዳዳ አስገብተው ቀስ አድርገው ጎትተው አወጡት።

ከዛ ያልገባኝን ሁሉ አስረዱኝ። ፒፓ ትኩስ ሆኖ አይነቀልም፤ ቀዝቅዞ፣ እየተጠመዘዘ ነው የሚወጣው። ጥቁሩ መሳቢያ ኤቦናይት ይባላል፣ በድኝ የጠነከረ ጎማ ነው። ፀሐይና ሙቅ ውኃ አረንጓዴ ያደርገዋል። እኔ እኮ የቆሸሸ መስሎኝ ነበር በየሳምንቱ በሙቅ ውኃ የምፈትገው! ልኩ የሆነ መሳቢያ ደግሞ ተሠርቶ አይሸጥም። ወፈር ያለ ይመረጥና ምላሱ በቶርኖ በጥቂት በጥቂቱ እየተላገ፣ እየተለካ ቀዳዳው ውስጥ ጥብቅ እስኪል ይሠራል። ብዙ ከተላገ ይላላል፣ ትንሽ ከሆነ እንጨቱን ይሰነጥቃል።

«አክሪሊክ ይሁን ኤቦናይት?» አሉኝ። አክሪሊክ ቀለሙ አይቀየርም፣ ግን ለጥርስ ደረቅ ነው አሉ። እኔ ወዲያው «ኤቦናይት! ሰውዬው ጥርሳቸው የራሳቸው አይደለም» አልኩ። ማዳም ብትሄድ ይህን አታውቅም ነበር። ጥርሱን ማታ ማታ የማጥበው እኔ ነኛ።

እንጨቱንስ ከየት ይመጣል ብዬ ጠየቅኳቸው። ከቁጥቋጦ ሥር ነው ብለው ስልካቸው ላይ ሲያሳዩኝ ደነገጥኩ፤ ነጫጭ ጥቃቅን አበባ ያላት አስታ! ደባርቅ ላደጋችሁ፣ ከሰሜን ተራራ እየለቀምን የምናነደው አስታ ማለት ነው። እንጨቱ እሳት ስለሚችል ነው የሚመረጠው አሉኝ። እናቴ ብትሰማ ትስቃለች።

ዋጋው 30 ዶላር ሆነ። ማዳም «ከደሞዝሽ ነው» ስትለኝ «ግማሹን እከፍላለሁ» አልኳት፤ «የሳብኩት እኔ ነኝ፣ በሙቅ ውኃ እጠቢ ያልሽው አንቺ ነሽ።» ተናደደች፣ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በወሩ መጨረሻ 185 ዶላር ተቀበልኩ። ከ400 ወደ 15 ማለት ነው። ጂዶ አዲሱን መሳቢያ አፋቸው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አድርገው «ያ ቢንቲ፣ ከድሮው ይሻላል» አሉኝ። ለኔ ብለው ይሁን እውነት እንጃ።

አንድ ነገር ግን፦ የምትማታ ማዳም ቤት ላለሽ እህቴ ይህን አድርጊ አልልሽም። እጇ የሚፈጥን ሰው ፊት ብቻሽን አትቁሚ። መጀመሪያ ራስሽን ጠብቂ፣ ለሚስተር ወይ ለምታምኚው ሰው ንገሪ። የተሰበረውን ግን ፎቶ አንሺ፣ ቁራጩንም አትጣይ። ቁራጩ ባይኖር የኔው መሳቢያ በምን ይለካ ነበር?

እናንተ ቤት ሲሰበር ስንት ተቆረጠባችሁ? በተለይ ኩዌትና ሳዑዲ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ እሁድ ስልኬን ስይዝ አነባለሁ።