ብልጥ እና ብልኅ



በዕረፍት ቀን ከቅዳሴ በኋላ ቡና እስኪፈላ በመካከላችሁ ስቀመጥ፣ በስልካችሁ ላይ የምትመለከቱትን እመለከታለሁ። ብዙ ጊዜ በሩቅ ደሴት ላይ ሆነው እርስ በርሳቸው በድምፅ የሚባረሩ ተወዳዳሪዎችን ነው። ማየታችሁን አልነቅፍም፤ እኔም አይቻለሁ። የምነቅፈው ከዚያ በኋላ የሚነገረውን አንድ ቃል ነው፦ «አባ፣ ስደትም እንደዚሁ ነው፤ ያለ ብልጠት አይኖርም»። ይህ አነጋገር ሐሰት ነው። ሐሰትነቱንም ከሌላ ስፍራ ሳይሆን ከራሱ ከጨዋታው አሳያችኋለሁ።

የዚህ ዓይነቱ ውድድር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1997 በስዊድን ተጀመረ። በ2000 ደግሞ «ሰርቫይቨር» ተብሎ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ታየ። 16 ሰዎች በማሌዥያ ግዛት በምትገኘው በፑላው ቲጋ ደሴት ላይ 39 ቀን ቆዩ። በየጥቂቱ ቀን ከመካከላቸው አንዱን በድምፅ ያሰናብታሉ፤ በመጨረሻ ለሚቀረው አንድ ሰው 1 ሚሊዮን ዶላር ይሰጠዋል።

ሰዎቹ አስቀድመው በሁለት ወገን ተከፍለው ነበር። ወገኖቹ ሲቀላቀሉ የቀሩት አሥር ነበሩ። ከአሥሩ አራቱ፣ ሪቻርድ ሃች በሚባል ሰው መሪነት፣ ድምፃቸውን በአንድነት ሊሰጡ ቃል ተግባብተው ነበር። ከወዲያኛው ወገን የመጡት ግን እንዲህ ያለውን ስምምነት እንደ ነውር ቈጥረው እያንዳንዳቸው ልባቸው እንደ መራቸው ድምፅ ሰጡ። በመጀመሪያው ምሽት አራቱ በአንዲት ሴት ላይ ተባበሩ፤ የስድስቱ ድምፅ ተበተነ። ሴትዮዋም ከአሥር ሰው መካከል በአራት ድምፅ ብቻ ተባረረች። ባልንጀሮቿም ተራ በተራ ተከተሏት።

ተመልካቹ ይህን አይቶ «ብልጦቹ አሸነፉ» ይላል። እኔ ግን ሌላ ነገር አያለሁ። አራቱን ያሻገራቸው እርስ በርሳቸው የተገባቡትን ቃል መጠበቃቸው ነው። የተሸነፉትም ብቻ ብቻቸውን ስለ ቆሙ እንጂ ቅን ስለ ሆኑ አልተሸነፉም። ለመሆኑ ቅን ሰው ብቻውን መቆም አለበት ያለ ማን ነው?

ወደ ፍጻሜው ሦስት ሰዎች ቀሩ፦ ሃች፣ ኬሊ ዊግልስወርዝ የምትባል ወጣት፣ እንዲሁም ከባሕር ኃይል በጡረታ የተሰናበተው የ72 ዓመቱ ሩዲ ቦሽ። የመጨረሻው ፈተና እጅን ከአንድ ምሰሶ ላይ ሳያነሡ መቆየት ነበር፤ ያሸነፈው ከሁለቱ አንዱን ያባርራል። ሃች ነገሩን አሰላው። ቢያሸንፍ ወይ ለሽማግሌው የገባውን ቃል ሊያፈርስ ነው፤ ወይም ሁሉ ከሚያከብረው ሽማግሌ ጋር ለፍጻሜ ቀርቦ ሊሸነፍ ነው። ስለዚህ በገዛ ፈቃዱ እጁን አነሣ። ኋላም ሩዲ ሳያስበው እጁን አነሣ፤ ኬሊ አሸነፈች፤ ሽማግሌውንም አባረረችው። ሃች በአፉ ቃሉን አላፈረሰም፤ ሌላ ሰው እንድታፈርስለት ግን መንገዱን አመቻቸ። እንዲህ ያለውን እጅ እናውቀዋለን፤ ጲላጦስም በሕዝብ ፊት በውኃ ታጥቦታል።

ከዚያም ቀደም ብለው ከተባረሩት ሰባቱ ዳኞች ሆነው ተቀመጡ። ሃች 4 ለ3 አሸነፈ። ከአራቱ ድምፆች አንዱ የማን እንደ ነበረ ታውቃላችሁን? የሩዲ ነበር። ሽማግሌው ከተባረረ በኋላ እንኳ ቃሉን ጠብቆ ድምፁን ሰጠው። ያ አንድ ድምፅ ወደ ወጣቷ ዞሮ ቢሆን ኖሮ ሃች በተሸነፈ ነበር። እንግዲህ አስተውሉ፤ የብልጡ ሚሊዮን የቆመው በታማኙ ሰው ቃል ላይ ነው። ብልጠት የሚኖረው ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ባፈራው እምነት ላይ ተደግፎ ነው። ሁሉም ብልጥ የሆነ ዕለትማ፣ አባቶቻችን እንዳሉት፣ «ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ» ሆኖ ይቀራል።

«አባ፣ ጨዋታ እኮ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ግማሹን እቀበላለሁ። ሁሉም ሕጉን አውቀው ፈርመው ገብተዋል፤ በካርታ ጨዋታ ካርታውን የሚደብቅ ሰው ዋሸ አይባልም። ነገር ግን በስዊድኑ የመጀመሪያ ውድድር ከሁሉ አስቀድሞ የተባረረው ሰው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ፣ ትዕይንቱ ገና ሳይታይ፣ ሕይወቱን አጥፍቷል። የልቡን እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል፤ እኔ አልፈርድም። ይሁን እንጂ ሰው በሰው ፊት «አንተ አታስፈልገንም» መባሉ ለሁሉ ጨዋታ ሆኖ የሚያልፍ አይመስለኝም።

ደግሞም እነዚያ ሰዎች ከደሴቷ ወጥተው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። እኛ ያለንበት ግን ጨዋታ አይደለም። በከፋላ ሥርዓት የብዙዎቻችሁ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪያችሁ ጋር የተያያዘ ነው። አንዲት እኅት የባልንጀራዋን ምስጢር ለማዳም ብትነግር፣ ያቺ ልጅ ሥራዋንና ፈቃዷን አጥታ፣ የደላላው ዕዳ ሳይከፈል ወደ አገሯ ልትላክ ትችላለች። በአንድ ክፍል ስድስት ሆነው የሚኖሩ ሰዎች «ማን ማንን ይቀድመው ይሆን» እያሉ ካደሩ፣ ማንም ዓይኑን ጨፍኖ አይተኛም። ከትዕይንቱ የተማርነው ይህን ከሆነ ክፉ ትምህርት ተምረናል።

«ጌታችንስ በምሳሌው ዓመፀኛው መጋቢ እንደ ተመሰገነ ነግሮን የለምን?» የሚለኝም አይጠፋም። የተመሰገነው የሚመጣውን አስቀድሞ ማየቱ ነው እንጂ ማጭበርበሩ አይደለም። ቋንቋችን ራሱ ሁለቱን ይለያቸዋል። ብልጥ ዛሬ ከማን ምን እንደሚያገኝ ያውቃል፤ ብልኅ ግን ነገ ከማን ጋር እንደሚኖር ያስባል።

ብልኅነትን ለመማር ሩቅ ደሴት መሄድ አያስፈልጋችሁም፤ በእጃችሁ ያለውን እቁብ ተመልከቱ። በዚያ ውድድር በየተራው አንድ ሰው ይቀነሳል፤ በመጨረሻ አንዱ ሁሉን ይወስዳል። በእቁብ ግን ዕጣው በየተራው ለአንድ ሰው ይደርሳል፤ ማንም አይቀነስም። የመጀመሪያው ዕጣ የደረሳት ልጅ ገንዘቧን ይዛ ብትጠፋ ታተርፋለች፤ እንደ ጨዋታው ስሌት ከሆነ መጥፋት ነበረባት። እርሷ ግን የመጨረሻዋ እኅት ድርሻዋን እስክታገኝ ድረስ በየወሩ ትጥላለች። የሚይዛት የአባቶቻችን ብሂል ነው፦ «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ»። በዚህ መንገድ ስንት ወንድም ተምሯል፤ ስንት እናት ቤቷን አድሳለች!

ስለዚህ፣ ወዳጆቼ፣ ትዕይንቱን ብታዩ እዩት። ነገር ግን ባያችሁ ቁጥር ከአሸናፊው ይልቅ ሽማግሌውን አስታውሱ። ደግሞም የተበተኑትን ስድስት ድምፆች አትርሱ፤ ቅን ሰዎች ሆናችሁ ሳለ ተበታትናችሁ አትቁሙ። በሚመጣው የዕረፍት ቀን ቡናው ሲፈላ፣ ከእናንተ ዘንድ የቀረችውን እኅት ደውላችሁ ጥሩአት፤ ስለ እርሷም ክፉ ቃል ወደ አሠሪዋ ጆሮ እንዳይደርስ እርስ በርሳችሁ ቃል ተግባቡ።

የእግዚአብሔር ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን።