አዲሱ ኮምፒውተር ለምን ይጠፋል?

የዛሬው ርእሳችን ከወትሮው ለየት ይላል። ዕቃው በየክፍሉ ተገዝቶ የተገጣጠመ አዲስ ኮምፒውተር ቤት በገባ በሳምንቱ እየጠፋ ሲያስቸግር ምን ይደረጋል? የዕቁብ ገንዘብ የወጣበት ዕቃ ሲበላሽ ከማሽኑ ይልቅ የሚግለው ትዳሩ ነውና ጉዳዩ የባለሙያ ብቻ አይደለም።

በአየር ጤና አካባቢ የሚኖሩ፣ በቅርብ የማውቃቸው ባልና ሚስት ለጽሕፈት ሥራ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር አስገጥመው ነበር። ጥቂት ከሠራ በኋላ ሰማያዊ ገጽ ያሳይና እንደገና ይነሣል። ባል “ያንቺ ምጣድ ነው” ይላል፤ ሚስት ደግሞ “ያንተ ጓደኛ የሸጠልን ዕቃ ነው” ትላለች። ገጣጣሚው ሁለት ጊዜ ፎርማት አድርጎ መለሰላቸው። የተበላሸው ዕቃው ከሆነ ግን ዊንዶውስ መቀየር አይጠግነውም፤ ያልተቀመጠ ፋይል ቢኖር እሱን ነው የሚያጠፋው።

የባል ጥርጣሬ መሠረት ነበረው። የእንጀራ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። መስመሩ ቀጭን በሆነበት ቤት ምጣዱ ሲበራ አምፖሉ ደብዘዝ ይላል። 220 መሆን የሚገባው ቮልት ሲወርድ ደካማ ፓወር ሰፕላይ አይችለውም። ነገር ግን እንዲህ ሲሆን ኮምፒውተሩ ምንም ሳይናገር ድርግም ይላል። ሰማያዊ ገጽ ካሳየ ዊንዶውስ ስሕተቱን ለመናገር ጊዜ አግኝቷል ማለት ነው። በመዝገቡ ላይ የሚገኘው “ከርነል ፓወር 41” የሚለው ጽሑፍም ብዙዎችን ያሳስታል፤ ኮምፒውተሩ በአግባቡ ሳይዘጋ መነሣቱን እንጂ ምክንያቱን አይገልጥም።

ባልና ሚስቱ ክርክሩን ትተው በቀን መቁጠሪያው ጀርባ መጻፍ ጀመሩ፤ በስንት ሰዓት እንደ ጠፋ፣ ምን እየተሠራ እንደ ነበር፣ ምጣዱ በርቶ እንደ ሆነ፣ ገጹ ላይ የተጻፈው ቃል ምን እንደሚል። ከሳምንት በኋላ ሲያዩት አብዛኛው ምጣዱ ባልበራበት ሰዓት ነው። ቃሉም በየጊዜው ይለዋወጣል። ቃሉ ሲለዋወጥ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራም ነው። ገመዱን ከሶኬት ነቅለው ሁለቱን ራሞች አውጥተው አጥብቀው መለሱ፤ አልተሻለውም። ከዚያ አንድ በአንድ እያስገቡ ሜምቴስት86 በተባለው ፕሮግራም ከፍላሽ ላይ ሌሊቱን ፈተሿቸው። አንደኛው ንጹሕ ወጣ፣ ሁለተኛው ቀይ በቀይ ሆነ። (በዚህ ፈተና አንዲት ስሕተትም ብዙ ናት።) ቀዩን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥተው ለሻጩ ሲያሳዩት ያለ ክርክር ለወጠላቸው።

ራሙ ደህና ከሆነስ? ኤክስኤምፒ የሚባለው ማፍጠኛ በባዮስ ውስጥ በርቶ ከሆነ አጥፍታችሁ ሞክሩ። ቀጥሎ ሙቀቱን እዩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ ያው ፋን እዚህ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። በአዲስ ማሽን ደግሞ የማቀዝቀዣው መከላከያ ላስቲክ ሳይላጥ የሚገጠምበት ጊዜ አለ፤ ገጣጣሚውን አስከፍታችሁ አሳዩ።

ጥፋቱ ከፋብሪካም ይመጣል። በ2024 እ.ኤ.አ. ኢንቴል ከ13ኛውና ከ14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ መካከል ከፍተኛ ጉልበት ያላቸው ከሚገባው በላይ ቮልት እየጠየቁ እንደሚጎዱ አምኖ፣ በባዮስ የሚገባ ማስተካከያ አወጣ፤ ዋስትናቸውንም በ2 ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው የተጎዳውን አያድንም፤ ያልተጎዳውን ግን ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ፕሮሰሰር ያላችሁ ባዮሱ መታደሱን ጠይቁ። የገዛችሁት ዕቃ የመለወጫ ጊዜ ስንት ቀን እንደ ሆነ ደረሰኙ ላይ ካልሰፈረ ደግሞ ዛሬውኑ ሄዳችሁ አስጽፉ።