ላዳችን ለምን ታፈላለች?

«አርጅታለች፣ ምን ይደረግ፤ ታፈላለች» ሲባል በየሰፈሩ እንሰማለን። ይሁን እንጂ ዕድሜ ብቻውን ውሃ አያፈላም። የሚያፈላው ሥራውን ያቆመ አንድ ዕቃ ነው፤ ያ ዕቃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዋጋው ትንሽ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ሳይመረመር ወደ ውዱ ሥራ ሲዘለል ነው። ቴስታታ ይወርዳል፣ ጓርኒሲዮን ይለወጣል፣ የቤተሰቡ የወር ቀለብ በአንድ ቀን ጋራዥ ይቀራል፤ መኪናዋ ግን በሳምንቱ መልሳ ታፈላለች። እንግዲህ በዚህ ወር ዓምዳችን ምርመራው ከየት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ በቅደም ተከተል እናያለን።

ለምሳሌ የመረጥነው ላዳን ነው። ላዳ የጣሊያኑን ፊያት 124 መነሻ አድርጋ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሩሲያዋ ቶልያቲ ከተማ የተሠራች መኪና ናት። በሩሲያ የዚህ ዘር የመጨረሻዎቹ መኪኖች የተመረቱት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በአዲስ አበባም በሰማያዊና ነጭ ቀለም ታክሲ ሆና ለአሥርተ ዓመታት ሕዝብ ስታመላልስ ኖራለች።

በመጀመሪያ አንድ የሳይንስ ነገር እናስታውስ። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን የተማርነው በባሕር ጠለል ላይ ላለ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የላዳ ሞተር ደግሞ ጤነኛ ሆኖም ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይሠራል። ታዲያ ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ምንድን ነው? የራዲያተሩ ክዳን ነው! ክዳኑ የግማሽ አትሞስፌር ያህል ግፊት አፍኖ ስለሚይዝ የመፍያው ነጥብ እዚሁ አዲስ አበባ ከ100 ዲግሪ በላይ ይወጣል። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን ምንም ሌላ ብልሽት የሌለበት ሞተር ሊያፈላ ይችላል። ስለሆነም ምርመራው ከክዳኑ ይጀምር። ከጎን ያለው የፕላስቲክ ገንዳ ሞተሩ ሲሞቅ ሞልቶ፣ ሲቀዘቅዝ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ ካልመለሰም መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ክዳኑና ወደ ገንዳው የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ «መቼ ነው የምታፈላው?» የሚል ነው። መኪናዋ ቆማ ወይም በመንገድ መጨናነቅ ስትንፏቀቅ የምትሞቅ፣ ስትሮጥ ግን የምትበርድ ከሆነ የጎደለው አየር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የቬንትሌተሩ ቺንጋ በአውራ ጣት ጠንከር ተደርጎ ይጫን፤ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ገባ ቢል ደኅና ነው፤ ከዚያ በላይ ከገባ ላልቷል። የራዲያተሩ ፊትም በአቧራና በነፍሳት ተደፍኖ እንደሆነ ይታይ።

በተቃራኒው በከተማ ደኅና ሆና በዳገት ወይም በረጅም ጉዞ የምታፈላ ከሆነ የውሃው ዝውውር ይጠረጠር። ራዲያተሩ ውስጡ በዝገትና በውሃ ደለል ተዘግቶ፣ የውሃ ፓምፑ ደክሞ ወይም ቴርሞስታቱ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ቴርሞስታቱን መፈተኑ ቀላል ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የራዲያተሩ የታችኛው ክፍል ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፤ ሙቀቱ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ግን መሞቅ ይጀምራል። ጌጁ እየወጣ ታችው ከቀዘቀዘ ቴርሞስታቱ አልተከፈተም ማለት ነው። ሲዳሰስ ሞተሩ መጥፋት እንዳለበት አይዘንጋ፤ ቬንትሌተሩ እጅ ይቆርጣል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። «አገራችን ሙቅ ነው፣ ቴርሞስታት አያስፈልግም» ተብሎ አንጀቱ ይወጣል። የላዳ ቴርሞስታት ግን ሁለት በር አለው፤ አንደኛው ውሃውን ከራዲያተሩ ሲያመጣ ሌላኛው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚመለሰውን ውሃ ይዘጋል። አንጀቱ ሲወጣ ሁለቱም ክፍት ይሆናሉ፤ ከውሃው ከፊሉ ሳይበርድ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ይበርዳል የተባለው ሞተር በዳገት ላይ የሚብስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ መፍትሔ ከጠፋ ብቻ ወደ ጓርኒሲዮኑ ይኬዳል። እርሱም ቢሆን ምልክት አለው፦ በቀዝቃዛ ሞተር ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሳ በራዲያተሩ አፍ አረፋ ያለማቋረጥ መውጣቱ፣ ዘይቱ የወተት ቡና መምሰሉ፣ የሚፈስበት ሳይታይ ውሃው መጉደሉ። ከእነዚህ አንዱም ሳይኖር ቴስታታ ይውረድ የሚል ሰው ቢያጋጥም «በምን አወቅህ?» ብሎ መጠየቅ የባለንብረቱ መብት ነው።

በመጨረሻም ከገንዘቡ የሚበልጠውን እናንሳ። ትኩስ ራዲያተር በፍጹም አይከፈት። ታፍኖ የነበረው ውሃ ግፊቱ ሲለቀቅ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይረጫል፤ አጠገብ ቆሞ የሚያይ ሕፃን ካለ ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኘው እርሱን ነው። ጌጁ ቀዩን ሲነካ የመኪናዋ ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ዳር ይያዝ፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ልጆች ይራቁ፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ። ቀዝቃዛ ውሃም በጋለ ሞተር ላይ አይደፋ፤ የላዳ ቴስታታ አሉሚኒየም ነውና ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። የግማሽ ሰዓት ትዕግሥት ሞተርንም ዓይንንም ያተርፋል።